ኮሌጅ ወይስ ዩኒቨርሲቲ? ከመተማ የመጣ ጥያቄ

መስከረምና ጥቅምት በቆላው አገር የሰሊጥ አጨዳ ወሮች ናቸው። በመተማ፥ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ገበሬው በእነዚህ ሳምንታት ዐይኑን ከማሳው ላይ አያነሣም። ሰሊጥ ቀኑን ጠብቆ ካልታጨደ ፍሬው እየፈነዳ መሬት ላይ ይረግፋልና፥ ጥቂት ቀን መዘግየት የዓመቱን ድካም ያስቀራል። በዚሁ ወቅት በእነዚሁ ገበሬዎች ቤት ቀን የሚቆጠርለት ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰው ልጅ ጉዳይ ነው። ሰሊጡም ልጁም ባንድ ወቅት ይደርሳሉ። ስለ ሰሊጡ ገበሬው የሚያውቀውን ያህል የሚያውቅ የለም፤ ስለ ልጁ ግን ማንን ይጠይቅ?

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ባንድ የጥቅምት ማለዳ በጎንደር መናኸሪያ ያጋጠመን ነገር ነው። አውቶቡስ ስንጠብቅ ሳለን ከገንዳ ውኃ የመጡ አንድ አባትና ልጃቸው አጠገባችን ተቀመጡ። አባትየው የሰሊጥና የማሽላ ገበሬ ናቸው። አጨዳውን ለሠራተኞች ትተው የመጡት የልጃቸውን ወረቀት ለማስጨረስ ነበር። ልጅቷ የአገር አቀፉን ፈተና አልፋለች፤ ዩኒቨርሲቲም ተመድባለች። የተመደበችበት ግን ከጎንደር እጅግ የራቀ ነው፤ የሚያሰጋትም የምትሻውን ትምህርት እዚያ ላታገኝ መቻሏ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ የመንግሥት የጤና ኮሌጅ በላቦራቶሪ ሙያ ሊቀበላት ፈቅዷል።

አባትየው ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ወደ እኛ ዞረው፥ «ጌቶቼ፥ የተማራችሁ ሰዎች ትመስላላችሁ፤ እባካችሁ ይችን ልጅ ምከሩልኝ። ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ሳለ ኮሌጅ እገባለሁ ትለኛለች። እኔ ለጎረቤት ምን ብዬ ልንገር?» አሉን።

ልጅቷ መሬት መሬት ስታይ ቆይታ፥ «አጎቴ የሰሊጥ አረም ላይ ሳለ ታሞ ነበር» አለችን። «ወባ ነው እየተባለ ሁለት ወር ኪኒን ሲውጥ ከረመ፤ ሆዱ እያበጠ ሰውነቱ እያለቀ ሄደ። በመጨረሻ ደሙን የመረመረች አንዲት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ካላዛር መሆኑን ለየችው፤ ታከመና ዳነ። እኔ መሆን የምፈልገው እሷን ነው።»

በዚህ ጊዜ እኛ አንድ ሁለት የምክር ቃል ጀመርን። ኮሌጅም ክቡር ነው፤ ሙያ በልብ ነው፤ አገራችን የሙያ ሰው ያስፈልጋታል አልን። ልጅቷ በትሕትና ስታዳምጠን ቆይታ፥ «እናንተስ ልጆቻችሁን የት ነው የምትልኩ?» ብላ ጠየቀችን። እውነቱን መናገር ነበረብንና፥ ዩኒቨርሲቲ እንደምንልክ ነገርናት። እሷም ሌላ ነገር አልጨመረችም። ወዲያው የአውቶቡሱ ረዳት ተጣራ፤ ተለያየን።

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከኅሊናችን አልጠፋም። ለሰው ልጅ ኮሌጅን፥ ለራስ ልጅ ዩኒቨርሲቲን መምከር ምክር አይደለም፤ የራስን ድርሻ ካነሡ በኋላ የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈል ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ለገበሬም ለሹምም ልጅ፥ ለመተማም ለአዲስ አበባም ወጣት ባንድነት የሚያገለግል መለኪያ ይኖር እንደሆነ ለመመርመር ነው።

በመጀመሪያ ስሙን ከነገሩ እንለይ። በዛሬው አነጋገር ኮሌጅ የሚባለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፥ ፖሊቴክኒክ፥ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፥ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ፥ የግብርና ኮሌጅ ነው። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው ያጠረና ወደ አንድ የታወቀ ሥራ የሚያደርስ ነው። ተማሪው ሲጨርስ የሙያ ብቃት ምዘና ይቀመጣል፤ ሥራውን መቻሉም ይመሰከርለታል። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት በጠቅላላ ትምህርት ጀምሮ በአራት ዓመትና ከዚያም በላይ ወደ ዲግሪ የሚያደርስ፥ ከማስተማሩም ሌላ መመራመር የሚጠበቅበት ተቋም ነው። አንደኛው የሌላው ምትክ አይደለም። የተሠሩትም ለየራሳቸው ተግባር ነው። ነገር ግን በሕዝባችን ዘንድ አንዱ ሰገነት፥ ሌላው ምድር ቤት ሆነው ይታያሉ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ «ገባ» ይባላል፤ ኮሌጅ ሲሄድ «ቀረ» ይባላል። በዚህች በአንዲት ቃል ስንት ወጣት አንገቱን ደፍቷል!

ይህ አስተያየት ጥንታዊ አለመሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፍተኛ ትምህርት በር ሲከፈት ስሙ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነበረ። ዩኒቨርሲቲ የተባለው በ1954 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን «ኮሌጅ ገባ» የተባለ ወጣት በሰፈሩ እንደ ብርቅ ይታይ ነበር። ከዚያም በኋላ በ1980ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ሲሆኑ፥ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። እንግዲህ ስም እንደ ገንዘብ ነው፤ በዘመን ይረክሳል፥ በዘመን ይወደዳል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እንዲህ የሚዋለው ግን ሰው በሥራው ያተረፈው ስም እንጂ የተማረበት ቤት ስም አይደለም።

ለቆላው ወጣት ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የዚያው የጎንደር ታሪክ ነው። በ1945ና በ1946 ዓ.ም. በጣና ዙሪያ፥ በተለይም በደምቢያ፥ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7 ሺህ ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹም የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ የሚገኙት በከተማ ነበር። ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅ ሕዝቡ እያለቀ መጠበቅ ነበር። ስለዚህ በ1947 ዓ.ም. በዓለም የጤና ድርጅት፥ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ተከፈተ። ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ሰዎችን አሠለጠነ፤ የጤና መኮንን፥ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጽዳት ባለሙያ። ሦስቱ ባንድነት ወደ ገጠሩ የጤና ጣቢያ ይወጣሉ፤ አንዱ ያክማል፥ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ትጠብቃለች፥ አንዱ ውኃውንና መጸዳጃውን ያስተካክላል። ሐኪም ያልደረሰበትን የገጠር አገር ለረዥም ዘመን የጠበቁት እነዚህ የኮሌጅ ልጆች ናቸው። በሽተኛው ስለ ትምህርት ቤታቸው ስም የጠየቃቸው አይመስለንም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል። በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ ጀርመን በላይፕሲግ ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ርዳታ ኮሌጁ ሐኪሞችን ማስተማር ጀመረ፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ይህ ታላቅ ዕድገት ነው፤ ከዚያ የወጡት ሐኪሞች አገሪቱን አገልግለዋል፥ ያገለግላሉም። ነገር ግን ቤቱ ወደ ሐኪም ማስተማር ሲዛወር ለገጠሩ ተብሎ የተወለደው የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ። ከዓመታት በኋላ ጉድለቱ ሲታወቅ እንደ ገና መጀመር አስፈለገ። ከዚህ የምንማረው ከፍ ማለት መልካም ሆኖ ሳለ፥ ከፍ ሲባል የተተወው ሥራ ግን ሠሪ አጥቶ እንደሚቆም ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ፈተና እንመለስ። ከ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ከተደረገ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ከመቶ 8.4 ናቸው። ከእነዚህ በታች ላሉት አንዳንዶች የማካካሻ ትምህርት ተዘጋጅቶላቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገሩበት መንገድ ተከፍቷል። የቀሩት ግን እጅግ የሚበዙት ናቸው። እንግዲህ ኮሌጅን የወደቀ ሰው መጣያ ነው ካልን ከመቶ ዘጠና በላይ የሆኑትን ልጆቻችንን በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ወድቃችኋል ማለታችን ነው። ከመቶ ዘጠናው የወደቀበት አገር ደግሞ በቀሩት ጥቂቶች ብቻ ሊቆም አይችልም።

ወድቀሃል የተባለ ወጣት የት እንደሚሄድ ከመተማ ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከጎንደር በአይከል አድርጎ እስከ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው 200 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሰሊጥና ጥጥ ብቻ የሚመላለስበት አይደለም። ለብዙ ዓመታት ከደጋውም ከቆላውም የተነሡ ወጣቶች በዚህ በር ወደ ገላባት፥ ከዚያም ወደ ካርቱም፥ ከዚያም ወደ ሊቢያ በረሃ አልፈዋል። ከእነርሱም መካከል ከበረሃውና ከባሕሩ ያልተመለሱ አሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በዚያው በር ስደተኛው ወደ እኛ ጐረፈ። ከመጡትም መካከል ትምህርታቸውን አቋርጠው የመጡ የካርቱም ተማሪዎች ይገኛሉ። መተማ በታሪክ የምትታወቀው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በወደቁባት ጦርነት ነው፤ ከተማዪቱም ስማቸውን ይዛለች። ነገር ግን መተማ የድንበርና የጦርነት ስም ብቻ ሆና መቅረት አይገባትም። መተማ የሥራ አገር ናት።

ሥራው ምንድር ነው? በምዕራብ ጎንደር ቆላ ትራክተር ከበሬ ጋር የሚሠለፍበት ሰፊ እርሻ አለ፤ በክረምት መካከል ትራክተር ሲሰበር የሚጠግነው ሰው እስኪመጣ ዝናቡ አይጠብቅም። ሰሊጡ በምርት ገበያ መጋዘን ሲደርስ የሚመዝነው፥ ናሙና የሚወስደው፥ ደረጃ የሚያወጣለት ሰው አለ፤ የገበሬው ዋጋ በዚያ ሰው ዕውቀትና ታማኝነት ላይ ይወድቃል። የቆላው ከብት ብዙ ነው፤ በሽታውም እንዲሁ። በጫካው የዕጣን ዛፍ አለ፤ መቁሰያውን የማያውቅ ሰው ሲያቆስለው ዛፉ ይደርቃል። የወሰን ንግድ ሒሳብና ዐረብኛ የሚያውቅ ጸሐፊ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ የጤናው ነገር አለ። ካላዛርን የምታስተላልፈው ጥቂት የማትባል ትንኝ መሰል የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ብዙውን ጊዜም የሚያዙት ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት፥ በሜዳ የሚያድሩት የቀን ሠራተኞች ናቸው። በሽታው ካልታከመ ይገድላል። በቶሎ ተለይቶ ከታከመ ግን ብዙው በሽተኛ ይድናል። የሚለየውም በላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ በኮሌጅ የሚማሩ ናቸው። በጀርመን አገር ሳይቀር ወጣቱ የሳምንቱን ከፊል ቀን በሙያ ትምህርት ቤት፥ ከፊሉን በፋብሪካና በወርክሾፕ እያሳለፈ ሙያተኛ ይሆናል፤ ይህን በማድረጉም ማንም አይንቀውም። በእኛም አገር በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በተከፈተው በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የግብርና መሣሪያ፥ የኤሌክትሪክ፥ የጨርቃ ጨርቅ፥ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ሠልጥነዋል፤ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቆመው በዚያ መሠረት ላይ ጭምር ነው።

ይህን ሁሉ ብለን ስናበቃ ግን ለቆላው ልጅ «አንተ ኮሌጅ ይበቃሃል» ማለታችን እንዳይመስል እንሠጋለን። እንዲህ የሚል ሰው ቢኖር አብረን አንቆምም። ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ ዳኛ፥ የአፈርና የሰብል ተመራማሪ ለመሆን ዩኒቨርሲቲ የግድ ነው። ልጅቷ ልትመረምረው የምትሻው ካላዛር እንኳ መድኃኒቱ የሚሻሻለው በምርምር ነው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለው የካላዛር የምርምርና የሕክምና ማዕከል የቆመው ለዚሁ ነው። መተማ ላይ ደሙን የሚለይ ሰው ከሌለ በሽተኛው ጎንደር አይደርስም። ጎንደር ላይ የሚመራመር ሰው ከሌለም የመተማው ሰው የሚሰጠው መድኃኒት አይሻሻልም። ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው። በምዕራብ ጎንደር ዞን እስከ ዛሬ አንድም ዩኒቨርሲቲ የለም፤ ስለዚህ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ልጅ ሁሉ ከቤቱ ርቆ የሚሄድ ነው። ከዚህ የተነሣ ሄዶ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሆኖ የሚመለስ የቆላ ልጅ ለአገሩ ትልቅ ሀብት ነው። አባትየውም ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ እንድትገባ መመኘታቸው አያስነቅፋቸውም። ከቤተ ሰባቸው የመጀመሪያዋ ልትሆን ነውና።

እንግዲህ ወጣቱ በምን ይለካ? በእኛ አስተያየት ከስሙ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ።

አንደኛ፥ ከዚህ ቤት ስወጣ ምን መሥራት እችላለሁ? «ዲግሪ ይኖረኛል» የሚል መልስ መልስ አይደለም። «ሞተር ፈትቼ እገጥማለሁ፥ ደም መርምሬ በሽታ እለያለሁ፥ ድልድይ አሰላለሁ፥ ክስ አዘጋጃለሁ» የሚለው ነው መልሱ። የሥራውን ስም በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ያልቻለ ተማሪ ገና አልመረጠም፤ ሌሎች መርጠውለታል።

ሁለተኛ፥ ይህን ሥራ የሚፈልገው ማን ነው፥ የትስ ነው? ወጣቱ ከመመዝገቡ በፊት ያንን ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎችን ፈልጎ ያነጋግር፤ ስንት ዓመት ሥራ ፈተው እንደ ቆዩ፥ ምን ያህል እንደሚከፈላቸው፥ ሥራው በምን እንደሚያሰለች ይጠይቅ። ዲግሪውን በግድግዳ ሰቅሎ ሥራ የሚጠብቅ ወጣት «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ያለውን ሰው ይመስላል። በሌላ በኩል ደግሞ በአጭር ጊዜ ሥልጠና ሥራ ይገኛል ብሎ ማንም ወደማይፈልገው ሙያ የገባ የኮሌጅ ምሩቅም ከዚህ አይሻልም።

ሦስተኛ፥ መሰላሉ ይቀጥላል ወይ? ኮሌጅ የገባ ሰው ሥራ ይዞ፥ በማታ ወይም በክረምት ተምሮ ወደ ዲግሪ ሊወጣ ይችላል፤ እንዲህ አድርገው ከመምህርነት ወደ ርእሰ መምህርነት፥ ከነርስነት ወደ ጤና መኮንንነት የደረሱ በየከተማው አሉ። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ምርጫ ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ፍርድ አይደለም፤ በየትኛው እንጀምር የሚል ነው። የሚሻለውም ተማሪው ዝግጁ በሆነበት መጀመር ነው።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ኮሌጅ የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ሁሉ ኮሌጅ አይደለም፤ ዲግሪ እሰጣለሁ ያለ ሁሉም ዕውቀት አይሰጥም። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የመውጫ ፈተና ለዲግሪ ተመራቂዎች ሲሰጥ ያለፉት ከመቶ 41 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ከመንግሥት ተቋማት ከመቶ 62 ያህል ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት ከመቶ 17 ያህል ናቸው። ይህ ማለት በግል ተቋማት ያሉ ሁሉ ደካሞች ናቸው ማለት አይደለም፤ በሚገባ የሚያስተምሩ መኖራቸውን እናውቃለን። ነገር ግን የላም ወይም የሰሊጥ ዋጋ ለክፍያ ከመስጠት በፊት ተቋሙም የትምህርት ክፍሉም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፥ የሙያ ሥልጠና ከሆነም ከሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕውቅና እንዳላቸው፥ ቤተ ሙከራና ወርክሾፕ እንዳላቸው፥ ያስመረቋቸው ልጆች ስንቱ ምዘናውን እንዳለፉ በዐይን አይቶ በጆሮ ሰምቶ መመለስ ይገባል። ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፤ ልጁን ለሚሰጥበት ቤት ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ማድረግ የለበትም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ቢሆን በነፃ የሚገኝ አይደለም፤ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ የሚከፍለው የወጪ መጋራት ግዴታ አለበት።

እስካሁን የተናገርነው ለተማሪው ነው። ዋናው ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ ለተቀመጣችሁት ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ይቀራል። እናንተ ትናንት ተማሪ ነበራችሁ፤ ዛሬ ግን ማስታወቂያ የምታወጡት፥ ደረጃ የምትመድቡት፥ በጀት የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። የኮሌጅ ምሩቅ የሚችለውን ሥራ «ዲግሪ ያለው ብቻ ይመዝገብ» ብላችሁ ስታስታውቁ፥ ያንን ልጅ ያላስፈላጊ ወደ አራት ዓመት ወረቀት ፍለጋ ትሰዱታላችሁ። ኮሌጁን ያለ ሞተር የሞተር ትምህርት፥ ያለ ማይክሮስኮፕ የላቦራቶሪ ትምህርት እንዲያስተምር ስታደርጉት፥ «ኮሌጅ የወደቀ ሰው ቤት ነው» የሚለውን ቃል እውነት ታደርጉታላችሁ። ለቆላው የሚስማማውን ሙያ፥ ይኸውም የእርሻ መሣሪያ ጥገናን፥ የሰሊጥ አያያዝን፥ የእንስሳት ጤናን፥ የዕጣን አያያዝን፥ በቆላው አቅራቢያ አስተምሩ። ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግረውን በርም ሰው በቀላሉ እንዲገባበት አድርጋችሁ ክፈቱት።

ይህ የማይሆን ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ልጆች በአንድ ዓመት ሥልጠና ወደ ቀበሌያቸው ተመልሰው እንዲያገለግሉ ተደረገ። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። ክትባትን፥ የወሊድ ምክርን፥ የወባ አጎበርን በየቤቱ ያደረሱት እነርሱ ናቸው፤ ብዙዎቹም በኋላ ወደሚቀጥለው ደረጃ እንዲማሩ ዕድል ተሰጥቷቸዋል። ሥልጠናው ሥራን ተከትሎ ሲታቀድ፥ የተማረውም ሰው መሰላሉ ሲቆምለት፥ ውጤቱ እንዲህ ይሆናል።

ከዚህም ሌላ ልንዘለው የማንችለው ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ እጅግ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ኮሌጅ ወይስ ዩኒቨርሲቲ የሚለው ጥያቄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለደረሰ ልጅ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ የተቋረጠበት ልጅ ይህ ጥያቄ አይደርሰውም። ስለ ምርጫ የምንጽፈው ሁሉ ፍሬ የሚኖረው በመጀመሪያ የትምህርት ቤቱ በር ሲከፈት ነው፤ ስለሆነም የተቋረጠባቸውን ልጆች መመለስ ከማናቸውም የትምህርት ዕቅድ ይቀድማል።

አሁን የልጅቷን ጥያቄ እንመልስ። «እናንተስ ልጆቻችሁን የት ነው የምትልኩ?» ብላ ስትጠይቀን «ዩኒቨርሲቲ» አልናት። ይህን ስንል የቤቱን ስም መናገራችን ነው እንጂ ልጆቻችን ወጥተው ምን እንደሚሠሩ አልነገርናትም። ብንጠየቅ ኖሮም ለመመለስ እንቸገር ነበር። እሷ ግን የምትሠራውን ታውቃለች፤ ሥራውን ስትሠራ ያየቻትን ሰው ታውቃለች፤ የዳነውን ሰውም ታውቃለች። በዚያ ቀን በመናኸሪያው ከተቀመጥነው ሁሉ መርጣ የነበረች እሷ ብቻ ናት። እኛ ልጆቻችንን የላክነው ሌላው ሁሉ ስለሚልክ ነው። እንግዲህ መለኪያው ለእሷም ለእኛም አንድ ይሁን፤ የኛም ልጅ መጀመሪያ የሥራውን ስም ይንገረን፥ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ሥራ የሚያደርሰው ቤት ኮሌጅ ቢሆን ኮሌጅ፥ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ዩኒቨርሲቲ እንልካለን።

ልጅቷ የትኛውን እንደ መረጠች አልሰማንም። ለአባትየው ግን ሳንመልስላቸው የቀረን አንድ ነገር አለ፤ «ለጎረቤት ምን ብዬ ልንገር?» ብለውን ነበርና። እንዲህ ይበሉ፤ «ልጄ ካላዛርን የሚለይ የደም ምርመራ ልትማር ሄዳለች።» በገንዳ ውኃ ዙሪያ ሰሊጥ የሚያርም፥ የሚያጭድ፥ በሜዳ የሚያድር ጎረቤት ይህን ሲሰማ የትምህርት ቤቱን ስም አይጠይቅም፤ መቼ ትመለሳለች ብሎ ይጠይቃል።